ዛፉን ሳይቆርጡ ክብደቱን መገመት፦ ከጎጃም ደኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተማሪዎች፣ የወረዳ ባለሙያዎችና ደን ያላቸው ገበሬዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ አስቀምጫለሁ።

ባዮማስ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የዛፉ አካል ውሃው በሙሉ ከወጣ በኋላ የሚመዝነው ክብደት ነው። ግንዱ፣ ቅርንጫፉ፣ ቅርፊቱ፣ ቅጠሉና ሥሩ ሁሉ ይገባበታል። የአንድ ዛፍ በኪሎ፣ የአንድ ሄክታር ደን ደግሞ በቶን ይነገራል። ከመሬት በላይ ያለውና ከመሬት በታች ያለው ለየብቻ ይሰላል። እዚህ ገጽ ላይ ዝም ብዬ "ክብደት" ካልኩ ከመሬት በላይ ያለውን ደረቅ ክብደት ማለቴ ነው።

እርጥብና ደረቅ ክብደት በጣም ይለያያሉ። ገና የተቆረጠ አጠና ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም፤ ከሸክሙ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው "ይህ ዛፍ አንድ ቶን ይመዝናል" ካላችሁ መጀመሪያ እርጥቡን ነው ደረቁን ብላችሁ ጠይቁት።

አሎሜትሪክ ቀመር የሚባለውስ?

ዛፍን በትክክል ለመመዘን መቁረጥ የግድ ነው። ስለዚህ አጥኚዎች አንድ ቦታ ላይ የተወሰኑ ዛፎችን ይቆርጣሉ። ግንዱን፣ ቅርንጫፉንና ቅጠሉን ለይተው ይመዝናሉ። ከእያንዳንዱ ናሙና ወስደው ኦቨን ውስጥ ያደርቃሉ፤ እንጨቱ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይቆያል። ከዚያ የተገኘውን ደረቅ ክብደት ከመቆረጡ በፊት ከለኩት ውፍረትና ቁመት ጋር ያዛምዱታል። ቀመሩ ይኼው ዝምድና ነው። እኛ ሌላ ደን ውስጥ ገብተን ውፍረትና ቁመት ብቻ እንለካና ክብደቱን ከቀመሩ እናገኛለን።

ዝምድናው ቀጥተኛ መስመር አይደለም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ እጥፍ አይሆንም፤ ከአምስት እጥፍ በላይ ይሄዳል። ዛፍ ሲወፍር ቁመቱም ቅርንጫፉም አብሮ ስለሚያድግ ነው። ሌላው መታወስ ያለበት ነገር ቀመሩ የሚያውቀው የተቆረጡትን ዛፎች ብቻ መሆኑ ነው። የት የበቀሉ ነበሩ? ምን ያህል ወፍራም? ምን ዓይነት? ከታች የሚመጡት ችግሮች ብዙዎቹ ይህን ካለመጠየቅ የሚመጡ ናቸው።

ለመጀመር ምን ያስፈልገኛል?

የልብስ ሰፊ ሜትር፣ 50 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ደብተርና እርሳስ። እርሳስ ያልኩት ክረምት ላይ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ስለሚሟሟ ነው። ቁመት ለመለካት ክሊኖሜትር ወይም ማዕዘን የሚያነብ የስልክ አፕ ይበቃል። ጂፒኤስም ስልካችሁ ላይ አለ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የዛፎቹን ስም የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ነው። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ከብዙ ምሩቅ ይሻላል። ሆኖም ስሙን ሲነግራችሁ ቅጠሉን ቆንጥራችሁ ወረቀት መሀል አስቀምጡ። "ግራር" የሚለው ስም ብቻውን ስንትና ስንት ዝርያ ያቅፋል። ለምሣ ሰዓት ደግሞ ዳቦውን አትርሱ፣ ልጁ ከእናንተ ቀድሞ ነው የሚርበው።

ለምን 1.3 ሜትር ላይ ይለካል? ግንዱ የተበላሸ ቢሆንስ?

የደረት ከፍታ ይባላል። ጎንበስ ሳይሉ ለመለካት ይመቻል፣ ከሥሩ እብጠትም በላይ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ቀመሮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል የተሠሩት በዚህ ከፍታ ላይ በተለካ ውፍረት መሆኑ ነው። 1.3 ሜትር የሚደርስ ዱላ ቆርጦ ይዞ መዞር ጥሩ ነው። የራሳችሁን ደረት አትመኑ፤ የእናንተና የጓደኛችሁ ደረት እኩል አይደለም።

ጎጃም ውስጥ ሜዳ ላይ የቆመ ደን ብዙ አታገኙም። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ 1.3 ሜትሩ የሚቆጠረው ከዛፉ ላይኛ ጎን፣ ማለትም ከዳገቱ በኩል ነው። ያዘመመ ዛፍ ከሆነ ከፍታው ግንዱን ተከትሎ ይለካል፤ ሜትሩም ግንዱን የሚዞረው ከግንዱ ጋር ተስተካክሎ ነው እንጂ ከመሬቱ ጋር አይደለም። ከ1.3 ሜትር በታች መንታ የሆነ ዛፍ እንደ ሁለት ዛፍ ይለካል፤ ከዚያ በላይ መንታ ከሆነ አንድ ነው። ሐረግ ከተጠመጠመበት ሐረጉን አንሥታችሁ ሜትሩን ከሥሩ አሳልፉ።

ዋርካና ሾላ ጣጣ አላቸው። ግንዳቸው ጎድጎድና ጎርበጥ ያለ ስለሆነ ሜትሩ ጉድጓዱን ዘሎ ያልፍና ዛፉ ከሆነው በላይ ወፍራም ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ግንዱ ክብ ወደሚሆንበት ከፍ ብላችሁ ለኩ፤ የለካችሁበትንም ከፍታ ጻፉ። ያልተጻፈ ከፍታ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ዙሪያውን ነው የምጽፈው ወይስ ዲያሜትሩን?

የልብስ ሰፊ ሜትር የሚሰጣችሁ ዙሪያውን ነው። ዲያሜትሩን ለማግኘት ለ3.14 አካፍሉ። ዙሪያው 94.2 ሴንቲሜትር ከሆነ ዲያሜትሩ 30 ሴንቲሜትር ነው። ሜዳ ላይ ዙሪያውን ብቻ ጻፉ፣ ማካፈሉን ኤክሴል ይሥራ። የደብተሩ ዓምድ ላይ "ዙሪያ" ብላችሁ በግልጽ መጻፍ አትርሱ።

ይህ የሕፃን ነገር ይመስላል። ግን ዙሪያውን በዲያሜትር ቦታ ቀመር ውስጥ ብታስገቡ የዛፉ ክብደት ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ይሆናል። አንድ የብሳና ዛፍ ሦስት ቶን ተኩል ከመዘነባችሁ ተአምር አይደለም፣ ማካፈሉ ተረስቷል።

ቁመቱን እንዴት ልለካ? ጫፉ አይታይም እኮ!

ከዛፉ 20 ሜትር ራቁ። ጫፉን በክሊኖሜትር እዩ። ማዕዘኑ 35 ዲግሪ ከሆነ የ35 ታንጀንት 0.70 ነው፤ 20 ሲባዛ በ0.70 አሥራ አራት ሜትር ይመጣል። መሬቱ ሜዳ ከሆነ የዓይናችሁን ከፍታ፣ ለምሳሌ 1.6 ሜትር ጨምሩበት፤ ቁመቱ 15.6 ሜትር ነው። ተዳፋት ላይ ግን የግንዱን ሥርም እዩና ሁለቱን ማዕዘኖች ተጠቀሙ። ርቀቱም አግድም የተወሰደ መሆን አለበት።

ዘጌን በመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ የእያንዳንዱን ዛፍ ጫፍ ማየት አይቻልም። አስገድዳችሁ የገመታችሁት ቁመት ካልተለካው ይብሳል። የሚሻለው ጫፋቸው የሚታየውን ዛፎች፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም መርጦ በጥንቃቄ መለካት ነው። ከእነሱ የውፍረትና የቁመት ዝምድና ታወጡና የቀሩትን በዚያ ትሞላላችሁ።

የትኛውን ቀመር ልጠቀም?

በጣም የሚጠየቀው ይህ ነው። ለተፈጥሮ ደን ብዙ ሰው የሚጠቀመው ዤሮም ሻቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡትን ነው። በሞቃታማው የዓለም ክፍል ካሉ 58 ቦታዎች በተቆረጡ 4,004 ዛፎች ላይ ተመሥርቷል። ኢትዮጵያም ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ያቀረበችው የደን መነሻ መጠን (የኋላው ለውጥ የሚነጻጸርበት) የተሰላው በዚሁ ነው። ቀመሩ ይኸውና፦

ክብደት = 0.0673 × (እፍጋት × ዲያሜትር² × ቁመት)^0.976

ክብደቱ በኪሎ፣ ዲያሜትሩ በሴንቲሜትር፣ ቁመቱ በሜትር ነው። እፍጋት የተባለው የእንጨቱ እፍጋት ሲሆን በግራም ለኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይገባል። ዲያሜትሩ 30፣ ቁመቱ 15፣ እፍጋቱ 0.5 የሆነ ዛፍ እንውሰድ። ቅንፉ ውስጥ 6,750 ይመጣል፤ የመጨረሻው መልስ 368 ኪሎ አካባቢ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ሼም ኩያህና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በምዕራብ ኬንያ የእርሻ መሬት ላይ ካሉ ዛፎች የሠሩት ነው፦

ክብደት = 0.091 × ዲያሜትር^2.472

ያንኑ ባለ 30 ሴንቲሜትር ዛፍ በዚህ ብናሰላው 408 ኪሎ ይሆናል። ዛፉ አንድ፣ ልዩነቱ 40 ኪሎ። የትኛው ትክክል ነው? ያንን የሚያውቀው ዛፉን ቆርጦ የመዘነ ሰው ብቻ ነው። የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው፦ ቁመት በደንብ ከለካችሁና ደኑ የተፈጥሮ ከሆነ የመጀመሪያውን። ማሳ መሀል ተበታትነው የቆሙ፣ ለማገዶ የተመለመሉ ዋንዛና ብሳና ከሆኑ ሁለተኛውን። የማትችሉት ነገር ቢኖር ሁለቱንም አስልቶ ደስ የሚለውን ቁጥር መምረጥ ነው። ሲታረም ወዲያው ይታወቃል።

የእንጨት እፍጋት ከየት አገኛለሁ?

እ.ኤ.አ. በ2009 የተለቀቀ፣ በነፃ የሚገኝ ዓለም አቀፍ የእንጨት እፍጋት የመረጃ ቋት አለ። ዝርያው በሳይንሳዊ ስሙ ይፈለጋል። ዝርያው ከሌለ የወገኑን አማካይ ውሰዱ። ዋንዛ ቀላል እንጨት ነው፣ ከ0.4 እስከ 0.5 ባለው ውስጥ ይገኛል። ወይራ ከ0.8 በላይ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ 30 ሴንቲሜትር ውፍረትና 15 ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት ዛፎች ብናስብ፣ በ0.45 ካሰላን 332 ኪሎ፣ በ0.85 ካሰላን 617 ኪሎ ይወጣል። ወይራ የሚበዛበትን ደን በአንድ አማካይ እፍጋት ማስላት ትልቅ ጥፋት ነው።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ስለ ጣውላ የተጻፉ ሠንጠረዦች ላይ ያለው እፍጋት ብዙ ጊዜ 12 በመቶ እርጥበት ላለው እንጨት ነው። ቀመሩ የሚፈልገው ደግሞ ፍጹም የደረቀ ክብደት ለእርጥብ ይዘት ተካፍሎ ነው። የጣውላው ቁጥር ከፍ ያለ ስለሆነ እንዳለ ካስገባችሁት ደኑ ያለ አግባብ ይከብዳል።

ያቆጠቆጠ ባህር ዛፍ ከአንድ ጉቶ አራት ግንድ አለው። እንዴት ነው?

እያንዳንዱን ግንድ ለብቻው ለክታችሁ ለብቻው አስሉ፤ በመጨረሻ ደምሩ። የአራቱን ዲያሜትር ደምሮ እንደ አንድ ወፍራም ዛፍ ማስገባት አይሆንም። ቀመራችሁ አንድ ዲያሜትር ብቻ ይሁን ካለ ደግሞ የእያንዳንዱን ዲያሜትር ካሬ ደምሩና የድምሩን ካሬ ሥር ውሰዱ።

ለባህር ዛፍ ከአጠቃላይ ቀመር ይልቅ ለባህር ዛፍ ተብሎ የተሠራውን ፈልጉ። ተጠጋግቶ የተተከለ ባህር ዛፍ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ቅርንጫፉም ጥቂት ነው፤ ከተፈጥሮ ደን ዛፍ ጋር ቅርጹ አይገናኝም። ነጩና ቀዩ ባህር ዛፍም እንጨታቸው ይለያያል።

የአዊ ዲከረንስስ?

ፋግታ ለኮማ አካባቢ የሄደ ሰው ያየዋል፤ ኮረብታው ሁሉ ዲከረንስ የሚባለው፣ ከውጭ የመጣ የግራር ዓይነት ዛፍ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል። ከዚያ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። ለእኛ ሥራ አስቸጋሪ የሚያደርገው ግንዱ ቀጭን መሆኑ ነው። የ2014ቱ ቀመር የተሠራው 5 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ በሆኑ ዛፎች ነው። ሁለት ዓመት የሆነው ማሳ ውስጥ ከዚያ በታች የሆነ ግንድ ሞልቷል። ቀመሩን ለእነዚያ መጠቀም ጨርሶ ያላያቸውን ዛፎች እንዲመዝን መጠየቅ ነው።

መልካም ዜናው ዲከረንስ ለማንኛውም የሚቆረጥ መሆኑ ነው። ደን ጠባቂ ፈቃድ እስኪሰጥ መለመን የለም። ገበሬው የሚቆርጥበትን ቀን ጠይቃችሁ ቀድማችሁ ድረሱ። ከቀጭን እስከ ወፍራም 30 ያህል ዛፍ ምረጡ። ከመቆረጡ በፊት ውፍረቱን፣ ከወደቀ በኋላ ቁመቱን በሜትር ለኩ። ግንድ፣ ቅርንጫፍና ቅጠል ለይታችሁ እዚያው መዝኑ። ከእያንዳንዱ ትንሽ ናሙና በፕላስቲክ አሽጋችሁ፣ እርጥብ ክብደቱን ጽፋችሁ ወደ ላቦራቶሪ ውሰዱ። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ግን ለአካባቢው የሚሆን የራሳችሁ ቀመር ይኖራችኋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምን ልንገረው?

ለገበሬው የቀን ሥራውን ስለምታጓትቱበት የላብ ዋጋ ማሰብም ተገቢ ነው። እንጨቱንም አንድ ሳይቀር መልሱለት።

ቀርከሃንና ቡናን በዛፍ ቀመር ማስላት ይቻላል?

አይቻልም። ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ ከወጣ በኋላም አይወፍርም፣ ውፍረቱ ዕድሜውን አይነግርም። የኢንጅባራ አካባቢን የደጋ ቀርከሃ ለመገመት ለቀርከሃ የተሠራ ቀመር ያስፈልጋል፣ የአንድ ዓመቱን ቡቃያና የቆየውን መለየትም ግድ ነው። በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ የደን ትርጉም ቀርከሃንም ይጨምራል፦ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የዘውድ ሽፋን (የዛፎቹ አናት መሬቱን የሚሸፍነው)።

ቡና ከታች ጀምሮ ስለሚከፋፈል የሚለካው 40 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚሁ አገራችን በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ የተሠራ ቀመር አለ፦ ክብደት = 0.147 × ዲያሜትር²። 40 ሴንቲሜትር ላይ 5 ሴንቲሜትር የሆነ የቡና ግንድ 3.7 ኪሎ ገደማ ይመጣል ማለት ነው። ዘጌ ላይ ስትለኩ ጥላውን ዛፍና ቡናውን በተለያየ ገጽ መዝግቡ።

ጮቄ ላይ ለሚገኘው አስታም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አጭር፣ ጠማማና ባለ ብዙ ግንድ ነው፤ የደን ዛፍ ቀመር አይመጥነውም።

የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ መለካት ይፈቀዳል? ምን ልጠንቀቅ?

ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ አጠያየቁ ነው ወሳኙ። ቄሰ ገበዙን ወይም አስተዳዳሪውን ቀድማችሁ አግኙ። ከመሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ጥሩ ነው፣ ግን ደብዳቤው ከሰላምታው ቀድሞ አይወጣም። ዛፍ ለመቁረጥ ወይም መሬት ለመውሰድ የመጣችሁ ከመሰላቸው ነገሩ እዚያው ያበቃል። የቅዳሴ ሰዓትና የንግሥ ቀን አትሂዱ። ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስላሉ ቡድኑን ከማዋቀራችሁ በፊት ጠይቁ። ዛፉ ላይ ምስማር መምታት ወይም ቀለም መቀባት ካስፈለጋችሁ ለይታችሁ አስፈቅዱ፤ ካልሆነ በጂፒኤስና በንድፍ ሥራችሁን ጨርሱ።

ከልኬቱ አንጻር ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ያረጁ ጥድና ወይራዎች ውስጣቸው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ቀመሩ ግንዱን ሙሉ አድርጎ ነው የሚያየው። በዱላ ቆርቆር ስታደርጉት ድምፁ ይለያል፤ ቢያንስ "ባዶ" ብላችሁ መዝግቡና የእነዚህን ክብደት ለብቻ አሳዩ። ሁለተኛ፣ ደኖቹ ትንንሽና ክብ መሰል ናቸው። መሀሉ ላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ዳሩ ላይ ቁጥቋጦና ባህር ዛፍ ይበዛል። መሀሉ ላይ ብቻ ፕሎት (ዛፎቹ የሚለኩበት የተከለለ ቁራሽ መሬት) ጥላችሁ ውጤቱን በጠቅላላ ስፋቱ ካባዛችሁ ደኑን ከእውነታው በላይ አከበዳችሁት። ደኑ ጥቂት ሄክታር ከሆነ ወፍራም ወፍራሙን ዛፍ አንድ በአንድ መቁጠር፣ ቀጫጭኑን በናሙና መገመት የተሻለ ነው።

ፕሎቱ ስንት በስንት ይሁን? ተዳፋት ላይስ?

ለተፈጥሮ ደን 20 በ20 ሜትር የተለመደ ነው። ስፋቱ 400 ካሬ ሜትር ስለሆነ ወደ ሄክታር ለመቀየር በ25 ይባዛል። ክብ ከመረጣችሁ ሬዲየሱ 11.28 ሜትር ሲሆን ያው 400 ካሬ ሜትር ነው። በ25 መባዛቱን አስቡበት፤ ዳር ላይ ያለ አንድ ትልቅ ዛፍ በስህተት ቢገባ ሄክታሩ ላይ 25 ትልልቅ ዛፍ ጨመራችሁ ማለት ነው። ዳር ላይ ያለው ዛፍ የሚቆጠረው የግንዱ መካከል ከመስመሩ ውስጥ ከሆነ ብቻ ነው።

የሄክታር ስፋት የሚቆጠረው በካርታ ላይ እንደሚታየው አግድም ነው። 30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 20 ሜትር አግድም ለማግኘት መሬቱን ተከትላችሁ 23.1 ሜትር መዘርጋት አለባችሁ። አባይ ሸለቆ ውስጥ ወይም ጮቄ ግርጌ የሚሠራ ሰው ይህን ከረሳ የደኑን ክብደት ያሳንሰዋል።

ሥሩንና ካርቦኑን እንዴት ልጨምር?

ሥር መቆፈር የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከመሬት በላይ ያለው በአንድ ቁጥር ተባዝቶ የሥሩ ክብደት ይገመታል፤ ከዚያ ይደመራል። በአየር ንብረት ለውጥ ላይ የተቋቋመው የመንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ለሞቃታማ ተራራማ አካባቢዎች 0.27 ሰጥቷል። 368 ኪሎ የነበረው ዛፋችን ከነሥሩ 467 ኪሎ ይሆናል። ከደረቁ ክብደት 0.47ቱ ካርቦን ነው፤ 220 ኪሎ ገደማ። ይህን በ44 አባዝቶ ለ12 ማካፈል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይረዋል፤ 805 ኪሎ አካባቢ።

ሪፖርት ስታነቡ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ባዮማስ፣ ካርቦንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተቀላቀሉ የሚጻፉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በዚህ መሀል ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል ወይም እጥፍ ሊጠጋ ይደርሳል።

የፕሎቱን አማካይ ዲያሜትር ወስጄ በዛፎቹ ብዛት ባባዛው አይቀልም?

ይቀላል፣ ግን ስህተት ነው። ሁለት ዛፎች ውሰዱ፦ አንዱ 10፣ ሌላው 50 ሴንቲሜትር። አማካያቸው 30 ነው። በኬንያው ቀመር ቀጭኑ 27 ኪሎ፣ ወፍራሙ 1,442 ኪሎ፣ ድምሩ 1,469 ኪሎ ነው። ሁለት ባለ 30 ሴንቲሜትር ዛፍ ቢሆኑ ግን 816 ኪሎ ብቻ ይሆናሉ። ደኑ ግማሽ ለግማሽ ሊጠፋባችሁ ተቃረበ። ክብደቱ ያለው ትልልቁ ዛፍ ላይ ነው፣ አማካይ ደግሞ ትልልቁን ይደብቃል። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ዛፍ ክብደት አስሉ፣ ከዚያ ደምሩ።

ግምቴ ምን ያህል ሊሳሳት ይችላል?

ለአንድ ዛፍ ብዙ። የ2014ቱ ቀመር በአንድ ዛፍ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የሚገርም አይደለም። ስለዚህ "ይህ ዝግባ በትክክል 2,413 ኪሎ ይመዝናል" የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ሲደመሩ ግን አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ስለሚሳሳት የደኑ ድምር የተሻለ ይሆናል።

እርስ በርሱ የማይጠፋፋ ስህተት ሌላ ነው። ሜትራችሁ የተለጠጠ ከሆነ፣ ወይም ሁልጊዜ ከ1.3 ሜትር በታች የምትለኩ ከሆነ፣ ሁሉም ዛፍ ወደ አንድ ወገን ነው የሚሳሳተው። ዲያሜትር ላይ 10 በመቶ ከፍ ካላችሁ ክብደቱ ላይ 20 በመቶ ከፍ ትላላችሁ። ቁመት ላይ 10 በመቶ ግን ክብደቱን ከ10 በመቶ አያሳልፈውም። ጊዜ ካጠራችሁ ቁመቱን ሳይሆን ውፍረቱን ደግማችሁ ለኩ።

ከለካን በኋላ የካርቦን ገንዘብ እናገኛለን?

ይህን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ገበሬዎች ናቸው፣ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው። መልሱ ግን አያስደስትም። ገዢው የሚከፍለው ደኑ ውስጥ ለቆመው ካርቦን አይደለም። የሚከፍለው ለተጨመረው ወይም ከመቆረጥ ለዳነው ነው፤ ያለ ፕሮጀክቱ አይሆንም ነበር ተብሎ ለሚረጋገጠው። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ የተራቆተ ተራራ ተከልሎ መልሶ እንዲያገግም ተደርጎ ክፍያ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ለዘመናት ተጠብቆ የኖረ የቤተ ክርስቲያን ደን በዚህ ሚዛን ተጎጂ ነው። ቀድሞም ማንም ስላልቆረጠው "ምን ጨመርክ?" ይባላል። ፍትሐዊ ነው አልልም።

ስለዚህ ሜትር ይዞ የመጣ ተማሪ ለደብሩ ገንዘብ ይመጣል ብሎ ቃል መግባት የለበትም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ብለካ ልዩነቱ እድገት ይሁን ስህተት በምን አውቃለሁ?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። 30 ሴንቲሜትር የነበረ ዛፍ 31 ሲሆን፣ ቁመቱ ባይጨምር እንኳ፣ ክብደቱ ከ6 በመቶ በላይ ይጨምራል። አንድ ሴንቲሜትር ደግሞ ሜትሩን ዝቅ አድርጎ ወይም አዝምሞ ከመለካትም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ያው ዛፍ፣ ያው ከፍታ፣ ያው ሜትር መሆን አለበት። ሲፈቀድ የተለካበትን ነጥብ ትንሽ ከፍ ብሎ በቀለም ምልክት ማድረግ ይረዳል፤ ቀለሙን ለረጅም ጊዜ አትመኑት፣ በየመሀሉ ማደስ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ልኬት ቀን አሥሩን ዛፍ በሌላ ሰው አስለክታችሁ የሁለታችሁን ልዩነት አስቀምጡ። አምስት ዓመት ቆይቶ የመጣው ለውጥ ከዚያ ልዩነት ካልበለጠ እድገት ነው ብላችሁ አትጻፉ።

ቀመሩንም አትቀይሩ። አዲስና የተሻለ ቀመር ከወጣ የድሮውንም ልኬት በአዲሱ እንደገና አስሉት። ለዚህ ነው ክብደቱን ብቻ ሳይሆን የሜዳውን ዙሪያና ቁመት ከነደብተሩ ማቆየት የሚያስፈልገው። በሁለቱ ልኬቶች መሀል የሞቱና የተቆረጡ ዛፎችንም ጻፉ፤ ጉቶው ካለ የጉቶውን ውፍረት ለክታችሁ ከቁጥሩ አጠገብ አስፍሩ።